በጨውና በቁንዶ በርበሬ የመረጥን ዕለት

ሳን ፍራንሲስኮ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የያዝኩት ፓስፖርት የኔ እንዳልሆነ ለማወቅ ሴትዮዋ አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀባትም። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች። «ይሄ አንተ ነህ?» አለችኝ። ናይሮቢ ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተለማመድኩት መልስ ነበረኝ፤ አፌ ግን «አይደለሁም» አለ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ዛሬም አይገባኝም። ያ ዓመት ምን እንዳደረግኩ እንጂ ለምን እንዳደረግኩት የማላውቅበት ዓመት ነበር።

በማግሥቱ በካቴና አስረው፣ ድልድዩን አሻግረው፣ ከኦክላንድ ወጣ ብሎ ወዳለ የካውንቲ እስር ቤት ወሰዱኝ። የኢሚግሬሽን ሰዎች የራሳቸው ቦታ ሲሞላባቸው እኛን የሚያስቀምጡት እዚያ ነበር። እስር ቤት ለኔ አዲስ አይደለም። አገሬ ላይ መንግሥት ሲለወጥ አራት ወር ታስሬያለሁ፤ ጥፋቴ በአንድ ፓርቲው ዘመን የቀበሌ ቃለ ጉባኤ ያዥ መሆኔ ነበር። ስለዚህ በሩ ሲከፈት የማውቀውን ነገር ነበር የጠበቅኩት፤ የሰው ሽታ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል፣ «እዚህ ጋ ተኛ» የሚል የክፍል ካቦ። ያገኘሁት ግን የነጣ ክፍል ነው። ሁለት ተደራራቢ የብረት አልጋ፣ ያለ መጋረጃ የተተከለ የብረት ሽንት ቤት፣ የመዳፍ ወርድ ያላት መስኮት። ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። ታችኛው አልጋ ላይ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ቻይናዊ ሰው፣ ብርድ ልብሳቸውን ጠርዝ ለጠርዝ አጥፈው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ሲያዩኝ ተነሡና በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። «ታችኛው አልጋ ያንተ ነው። እኔ ላይኛውን እወዳለሁ» አሉኝ በእንግሊዝኛ። በኋላ ሳያቸው ላይኛውን አይወዱም፤ ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር፤ ወደ አልጋቸው ሲወጡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። እንግሊዝኛውን የተማሩት ከራዲዮ ነው። ስማቸውን ብዙ ጊዜ ነግረውኝ አፌ አልይዝ ስላለው «መምህር» እላቸው ነበር፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው። የታሰሩበትን ምክንያት በሁለተኛው ቀን ጠየቅኳቸው። መንደራቸው የኮሚቴ ሊቀ መንበር እንዲመርጥ በሕግ ተፈቀደለት። ሕዝቡ ሁለት ሰው ጠቆመ፤ አንዱ የፓርቲው ጸሐፊ ዘመድ፣ ሌላው መምህር። ከምርጫው በፊት በነበረው ማታ ጸሐፊው የመምህርን ስም ከወረቀቱ ሰረዘው። ሕዝቡ ደግሞ ጠዋት መጥቶ የተሰረዘውን ስም በእጁ እየጻፈ ሳጥን ውስጥ ከተተ። አሸነፉ። ሳጥኑ ወደ ወረዳ ተወሰደና ምርጫው ተሰረዘ። መምህር አቤቱታ ይዘው ወደ ላይ ሄዱ፤ «ጸጥታ አደፈረስክ» ተብለው ስምንት ወር ታሰሩ። ከዚያ በመርከብ ወጡ።

«ታዲያ ፓርቲውን ይጠሉታል» አልኳቸው።

«እኔ የፓርቲው አባል ነኝ» አሉኝ፤ ቅር ብሏቸዋል።

ግራ ገባኝ። «የሰረዘዎት ፓርቲው አይደለም እንዴ?»

«ሕጉን ያወጣውም ፓርቲው ነው። እኔ ያልኩት ሕጉ ይከበር ነው። ጠላት የለኝም፤ የተሰረዘ ስም ነው ያለኝ።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይህንኑ እናነሣና እንጥል ነበር። እሳቸው ሰው በመንደር ደረጃ ከሁለት አንዱን መምረጥ ከለመደ ነገ በወረዳ፣ ከነገ ወዲያ በክፍለ ሀገር ይጠይቃል ይላሉ። «ፓርቲው ቦታው ላይ እያለ?» እላለሁ። «እያለ» ይላሉ። እኔ ስለ ቀበሌያችን እነግራቸዋለሁ። ቃለ ጉባኤውን ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ጽፌ እጨርስ ነበር፤ «ተሰብሳቢው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ከነነጥቧ ተዘጋጅታ ትጠብቃለች፤ የሚቀረኝ የተዘጋበትን ሰዓት መሙላት ብቻ ነው። መምህር ይህን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ፤ «እኛም ጋ እንደዚያ ነው» አሉ። አንድ ቀን «ፓርቲው ሲፈቅድ ብቻ ከሆነ የምትመርጡት ምኑ ምርጫ ሆነ?» ብዬ አፋጠጥኳቸው። «እሱን ነው የማላውቀው» አሉ።

ነገሩ የሆነው አንድ ረቡዕ ነው። ሰኞ ዕለት ለመምህር ደብዳቤ መጥቶላቸው ነበር፤ ከሚስታቸው። ውስጡ አንድ ትልቅ ወረቀት አለ፤ ጥቂት መስመር ጽሑፍ፣ ከሥሩ ሙሉ ገጽ ቀይ የአውራ ጣት አሻራ። መንደሩ መምህርን መምረጡን ይመሰክራል። ስም የለበትም። መምህር ወረቀቱን አልጋው ላይ ዘርግተው አሻራዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ሳይነኩ እየተከተሉ አዩዋቸው። «ይሄ የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጠባሳ አለው» አሉኝ፤ ማን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። ቀጠሯቸው ሐሙስ ጠዋት ነው። ያለ ክፍያ የምትከራከርላቸው ጠበቃ ሳን ሆዜ ናት፤ «ማስረጃ ከሌለ ዳኛው መልሶ ይልክዎታል» ብላቸዋለች። የእስረኛ ስልክ የምትቀበለው ረቡዕ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው። ወረቀቱ ከችሎቱ በፊት መተርጎም ስላለበት ደውለው «ወረቀቱ መጥቷል፣ ነይና ውሰጂ» ማለት አለባቸው። ሌላ መንገድ የላቸውም።

ችግሩ ስልኩ ነው። ለአሥራ አምስት ሰው አንድ ስልክ፣ የሚከፈተውም ከሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎች ተራ ላይ ተደባድበው ዘበኛው ቆልፎት ነበር። ረቡዕ ጠዋት ከቁርስ በኋላ መጣና የጋራ አዳራሹ መሀል ቆመ። «ዝርዝር የሚይዝ አንድ ሰው ምረጡ። ለእያንዳንዱ ሰው አሥር ደቂቃ። መምረጥ ካቃታችሁ እንደተዘጋ ይቀራል» ብሎ እኛን ወደሚጠብቅበት የመስተዋት ክፍል ተመለሰ።

አሥራ አምስት ሰዎች ተያየን። ማንም አይነሣም። በዚህ መሀል ሳላስበው ብድግ አልኩ። ስብሰባ ላየ ሰው ዝም ያለ አዳራሽ አያስችለውም መሰለኝ። «ካምሬድስ!» አልኩ።

ጥቂቶች ሳቁ። እኔም ክው አልኩ፤ ከስንት ዓመት በኋላ «ጓዶች» ከየት መጣብኝ? መምህር ግን አልሳቁም፤ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ሥነ ሥርዓቱን ጨርሶ አልረሳሁትም። መምህርን ጠቆምኩ፤ የተማሩ ናቸው፣ ከማንም አልተጣሉም፣ ጽሑፋቸው ያምራል አልኩ። ያላልኩት፣ ዝርዝሩን ከያዙ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይደውላሉ የሚለውን ነው። «የሚደግፍ?» አልኩ። እጅ ተነሣ። ገሚሱ ገብቶት፣ ገሚሱ ጎረቤቱን አይቶ። ነገሩ ሁሉ ልክ እንደ ቀበሌያችን ሆነልኝና፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። «የሚቃወም አለ?» አልኩ። ይህ ጥያቄ በኛ ስብሰባ መልስ ጠብቆ አያውቅም፤ «በሙሉ ድምፅ» ለማለት አፌን ከፍቻለሁ።

አንድ እጅ ተነሣ። የመምህር ነው።

«መምህር፣ አልገባዎትም መሰለኝ። የተመረጡት እርስዎ ነዎት።»

«ገብቶኛል። እቃወማለሁ።»

«ማንን?»

«ሁለተኛ ስም የለም። አንድ ስም ብቻ ካለ ምርጫ አይደለም፤ ጭብጨባ ነው።»

አጠገባቸው ሄጄ ጎንበስ አልኩ። «ነገ ጠዋት ችሎት ነዎት እኮ! እባክዎ እጅዎን ያውርዱ።»

«አውቃለሁ» አሉ። እጃቸው እንደተነሣ ነው።

ተናደድኩ። ሰው በጎ ሲደረግለት እንዴት እንዲህ ይላል? አገራቸው ላይ ያሳሰራቸው ይኸው ግትርነታቸው ነው ብዬም አሰብኩ፤ አሰብኩና አፈርኩ፤ ያሳሰራቸው ስማቸውን የሰረዘው ሰው ነው እንጂ ግትርነታቸው አይደለማ።

በዚህ ጊዜ አንድ ከኤል ሳልቫዶር የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ተነሣ። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ቀልደኛ፣ ግማሹ እስረኛ የሚያከብረው ሰው ነው። «እኔ እወዳደራለሁ» አለ። መምህር እጃቸውን አወረዱ፤ ፊታቸው በራ። ሁለቱም አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። መምህር «ቀጠሮው የቀረበ ሰው ቀድሞ ይደውላል» አሉ። ሹፌሩ «ዕጣ። ለሁሉም እኩል» አለ፤ በስፓኒሽም ደገመው።

አመራረጡን ያወጡት መምህር ናቸው። ከቁርሱ እንቁላል ጋር የሚመጡ ትናንሽ የወረቀት ፓኬቶች አሉ፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬ። ጨው መምህር፣ ቁንዶ በርበሬ ሹፌሩ ሆኑ። በሳቸው አገር በድሮ ጊዜ ማንበብ የማይችል ገበሬ በባቄላ ይመርጥ ነበር አሉን። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጨውና አንድ ቁንዶ በርበሬ ተሰጠው። ባዶ የወተት ካርቶን ከሻወሩ መጋረጃ ጀርባ ተቀመጠ። አንድ አንድ እያልን እንገባለን፣ አንዱን ካርቶኑ ውስጥ እንጥላለን፣ የቀረውን በጭብጣችን ይዘን ወደየክፍላችን ሄደን ሽንት ቤት ውስጥ እንለቀዋለን። ማን ምን እንዳስቀረ ማንም እንዳያይ።

ተራዬ ደረሰና ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ወለሉ እርጥብ ነው። ካልሲዬ ራሰ። በሠላሳ አራት ዓመቴ ማንም ሳያየኝ ድምፅ ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

የኔ ቀጠሮ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ነገር ግን በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ኦክላንድ ያለች አንዲት የቤተ ክርስቲያን ሴት ስልኬን ትጠብቃለች። እስረኛ የምትጠይቅ ደግ ሴት ናት፤ ዋስ ሊሆነኝ የፈቀደ ሰው ቤቷ ድረስ አምጥታ በስልክ ልታገናኘኝ ነው። መምህር ካሸነፉ ቀጠሮዬ ሩቅ ስለሆነ ተራዬ መጨረሻ ነው፤ ዛሬ አልደውልም። ዕጣ ከሆነ ዕድል አለኝ። ይህን ሁሉ ከመጋረጃው ጀርባ አላሰብኩትም ብል ደስ ባለኝ። አሰብኩት። የጠቆምኳቸው እኔ ነኝ፣ የተቆጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ካርቶኑ ውስጥ የጣልኩት ግን ቁንዶ በርበሬውን ነው።

ክፍሌ ገብቼ የሽንት ቤቱን ቁልፍ ተጫንኩ። ውሃው ወረደ። ጨዉን ግን አልጣልኩትም፤ ካልሲዬ ውስጥ ወሸቅኩት። ለምን? ለኔም አልገባኝም። ከየክፍሉ ተራ በተራ የውሃ ድምፅ ይሰማል፤ ዘበኛው ከመስተዋቱ ኋላ ሆኖ «እነዚህን ሰዎች ምን ነካቸው?» በሚል ዓይን ያየን ነበር።

መምህር ተወዳዳሪ ካርቶኑን መንካት የለበትም ስላሉ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ሰባት ጨው፣ ስምንት ቁንዶ በርበሬ። አንዴ ቆጠርኩ፣ ደገምኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ልቆጥር ስል መምህር «ይበቃል፣ ልክ ነው» አሉና ቀድመው ሄደው ሹፌሩን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

ሹፌሩ እንደቃሉ ዕጣ አወጣ። እኔ ስምንተኛ ወጣሁ፤ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ። መምህር አሥራ አራተኛ። በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚደርሳቸው አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። መምህር ነገ ናቸው ማለት ነው፤ ነገ ደግሞ በዚህ ሰዓት ዳኛው ፈርዷል።

ለምሳ ቆጠራ ወደየክፍላችን ገባንና በሩ ተዘጋ። መምህር አልጋቸው ላይ ሳይወጡ ቆመው ደብዳቤውን ሸሚዛቸው ውስጥ አስተካከሉ። እኔ እርጥብ ካልሲዬ ስለቆረቆረኝ ሳላስብ አወለቅኩት። ፓኬቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ነጭ ነው፣ ከአልጋው እግር ሥር፣ በሁለታችን መሀል።

አዩት። እርግጠኛ ነኝ አይተውታል።

መምህር ቀስ ብለው ዞሩና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አደረጉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

«መምህር» አልኩ፣ «እኔ እኮ...»

«አትንገረኝ» አሉ። ድምፃቸው ክፍል ውስጥ ተማሪ ዝም የሚያሰኝ ዓይነት ነው። «ከነገርከኝ ምርጫው ይበላሻል። የወደቀ ነገር ካለ አንሥተህ ጣለው። እኔ ግድግዳ እያየሁ ነው።»

አነሣሁት። ሽንት ቤቱ ውስጥ ጣልኩት። እርጥብ ስለነበር ተቀድዶ ጨዉ ጣቴ ላይ ቀረ። ቁልፉን ተጫንኩ። ውሃው እስኪያልቅ ድረስ አልዞሩም። እንዲሰድቡኝ እመኝ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ሲዞሩ «ተራዬን ይውሰዱ» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ተራ ነው። የራሴ ነው። ለምን የለውም።»

«የተመረጠውን ሰው ሳናስፈቅድ አይሆንም» አሉኝ። ይህን ጊዜ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

በሩ ሲከፈት ሁለታችንም ሹፌሩ ፊት ቀረብን። መምህር ባለሥልጣን ቢሮ እንደቀረበ ሰው ቆመው ጉዳያቸውን አስረዱ። ሹፌሩ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየ።

«አንተስ?» አለኝ።

«እኔ ነገ እደውላለሁ።»

ትከሻውን ነቀነቀና ዝርዝሩ ላይ የሁለታችንን ስም በቀስት አዟዟረ። መምህር ቀስቱ ልክ መሆኑን ጎንበስ ብለው አዩ። ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ስልኩን አነሡ። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ ሲያወሩ በሌላኛው እጃቸው ሸሚዛቸውን፣ ደብዳቤው ያለበትን ቦታ ይዘውታል። ሲጨርሱ እጀታውን በእጅጌያቸው ጠርገው ለሚቀጥለው ሰው ሰጡ። «ትመጣለች» አሉኝ። አመሻሽ ላይ መጣች፤ ወረቀቱን ወሰደች።

ሐሙስ ጠዋት ዘበኛው መጥቶ ጠራቸው። ብርድ ልብሳቸውን አጥፈው፣ ጠርዙን ሁለቴ አስተካክለው ወጡ። «ታችኛው አልጋ ለጉልበት ይሻላል» አሉኝ በሩ ላይ፤ ቀልዳቸው ነበር። አልተመለሱም። ከሰዓት በኋላ ዘበኛውን ብጠይቀው «ሄዷል» አለኝ። የት? «ሄዷል።»

እኔም በተራዬ ኦክላንድ ደወልኩ። «ምነው አንተ!» አለችኝ ሴትዮዋ፤ «ትናንት ኮል ሳታደርግ ቀረህ? ሰውዬው እኮ ከሥራ ፐርሚሽን ወስዶ ነበር የመጣው! አሁን እንደገና አፖይንትመንት መያዝ አለብን፣ እሱ ደግሞ ሺፍቱ ተቀይሯል።» ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኳትም። ሦስት ሳምንት ተጨማሪ ተቀመጥኩ። ታችኛው አልጋ ላይ መተኛት አቃተኝና ላይኛው ላይ ወጣሁ።

ከተፈታሁና ሳን ሆዜ ሥራ ከያዝኩ በኋላ የጠበቃዋን ቢሮ አፈላልጌ አገኘሁት። መምህር ምን ደረሱ አልኳት። ስለ ደንበኛዋ መናገር እንደማትችል ነገረችኝ። ስትነግረኝ ግን ፈገግ አለች። የደስታ ነው? የይሉኝታ ነው? ወይስ እዚህ አገር ሰው ለሁሉም ነገር የሚለግሰው ፈገግታ? ይኸው እስከ ዛሬ ስፈታው አለሁ።

በአንድ ፓርቲ ጣራ ሥር ምርጫ ይበቅላል ወይ የሚለውን ጥያቄም አልፈታሁትም። አንዳንድ ቀን መምህር ተላላ ነበሩ እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ የበለጠ ነፃ በተባለው አገር፣ ዘበኛ ከመስተዋቱ ኋላ ሆኖ እያየን ሳለ፣ የኔን ድምፅ ከራሴም ጭምር የጠበቁልኝ እሳቸው ብቻ መሆናቸው ትዝ ይለኛል። የተማሩትስ ከየት ነው? ከዚያው ስማቸው ከተሰረዘበት መንደር።

ዜግነት አግኝቼ መጀመሪያ የመረጥኩት ፍሩትቬል በሚባል የኦክላንድ ሰፈር፣ ለዕለቱ የምርጫ ጣቢያ በሆነ የአንድ ሰው ቤት ጋራዥ ውስጥ ነው። የልጆች ብስክሌት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ካርዱን በመርፌ በምትመስል ነገር እንበሳለን። ከጀርባዬ ቆሞ የሚያየኝ ማንም አልነበረም። ረዘም ላለ ጊዜ ቆምኩ፤ ሰልፉ እንኳን አጉረመረመ። ስወጣ ልጄ እጄን ይዛ ማንን እንደመረጥኩ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። «አልነግርሽም» አልኳት። «ሁዋይ?» አለች። «ምርጫው ይበላሻል።» ሳቀችብኝ።

የዚያን ረቡዕ ድምፄንም ለማንም ሳልናገር ኖሬያለሁ። አሁን ግን ይኸው ጻፍኩት፤ ስምንተኛው ቁንዶ በርበሬ የኔ ነበር። እያበላሸሁት እንደሆነ አውቃለሁ። መምህር፣ ያሉበት ቦታ ይህ ወረቀት ቢደርስዎ፣ ይህቺን ስፍራ ሲያነቡ እንደዚያን ዕለት ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩልኝ።